የባንድ መለማመጃ ክፍል አደረጃጀት

የባንድ መለማመጃ ክፍል አደረጃጀት፣ እያንዳንዱ ተጫዋች ራሱንና ጓደኞቹን አጥርቶ እንዲሰማ መሣሪያዎችን፣ ድምፅ ማጉያዎችንና መቀመጫዎችን የማቀናጀት ሥራ ነው። በ1963 እ.ኤ.አ. ግብጻዊው የሙዚቃ ደራሲ ሃሊም ኤል ዳብህ በአዲስ አበባ የመሠረተው ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ክራርን፣ መሰንቆን፣ ዋሽንትን፣ በገናንና ከበሮን አንድ ላይ ሲያሰልፍ፣ ጉልበታቸው የተራራቀ ድምፆች በአንድ ቡድን ተገናኙ። በባሕር ዳርም ሆነ በአንበሳሜ ለሚለማመድ የባህል ቡድን መነሻው ይኸው ልዩነት ነው፦ ባለ አንድ ጭራው መሰንቆ የሚሰማበት ልክ የከበሮውን ምት ይወስናል።

ተጫዋቾቹ ክብ ሠርተው ፊት ለፊት ይቀመጣሉ፤ ከበሮው ከማዕዘን ይርቃል፤ ማዕዘን ወፍራሙን ድምፅ ያጎላልና። ባዶ ግድግዳ ድምፅን ስለሚያንጸባርቅ ወፍራም ምንጣፍና ብርድ ልብስ ይሰቀልበታል። ማጉያው ወደ ዘፋኙ ፊት፣ ከማይክሮፎኑ ጀርባ ይቆማል፤ የተለመደው የዘፋኝ ማይክሮፎን ከጀርባው የሚመጣን ድምፅ እምብዛም አይቀበልምና ጩኸት የመፈጠር ዕድሉ ይቀንሳል። ኃይለኛ ማጉያ መግዛት ይበቃል የሚል መከራከሪያ ይነሳል፤ ዳሩ ግን የማጉያን ኃይል እጥፍ ማድረግ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ሲሆን፣ ሁሉም ድምፁን ሲጨምር ደካማው መሣሪያ ይዋጣል። ስለዚህ ጎላ ያለውን ዝቅ ማድረግ ደካማውን ከማጉላት ይቀድማል።