የአንድ ሳንቲም ዕቃና የመንገዱ ዋጋ

ዋጋ፦ አንድ ሳንቲም። ማሸጊያና መላኪያ፦ ሦስት ዶላር ከ99 ሳንቲም።

ከሃያ ዓመት በፊት በኢንተርኔት የጨረታ ገበያ ዞር ዞር ያለ ሰው እንዲህ ያለ ማስታወቂያ ሳይገጥመው አልቀረም። በአንድ ሳንቲም ምን ይገዛል ብሎ የሳቀ ነበር፤ ሳይቀድሙኝ ልቅደም ብሎ የተጫረተም ነበር። እኔን ግን፣ ውድ አንባቢያን፣ ከሳንቲሟ ይልቅ የምትገርመኝ «ማሸጊያና መላኪያ» የምትለዋ ሐረግ ናት። ዋጋ የሚደበቅባት ጓዳ እርሷ ናትና። ዛሬ የዚህችን ጓዳ ታሪክ ላወጋችሁ ወደድሁ። (ካልተገለጸ በቀር ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በመስከረም 1995 ፒየር ኦሚድያር የተባለ የኮምፒውተር ፕሮግራም ሠሪ በካሊፎርኒያ፣ ሳን ሆሴ ከተማ «ኦክሽን ዌብ» ያለውን የጨረታ ገጽ ከፈተ። ሁለት ዓመት ቆይቶ ስሙ «ኢቤይ» ተባለ። በገጹ መጀመሪያ ከተሸጡት ዕቃዎች አንዱ የተሰበረ የሌዘር ጠቋሚ ሲሆን፣ 14 ዶላር ከ83 ሳንቲም አወጣ። ሐራጅ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። እኔ በምሠራበት በባንኩ ዓለም ብድሩን መክፈል ያቃተው ሰው በመያዣነት የሰጠው ቤት ወይም መኪና በሐራጅ ሲሸጥ ማየት የተለመደ ነው። በዚያ ሐራጅ ግን ገዢው ዕቃውን በዓይኑ አይቶ፣ በእጁ ዳስሶ ይጫረታል፤ ሲያሸንፍም የሚያጓጉዘው ራሱ ነው። ሻጩ ከመንገዱ አንዲት ሳንቲም አያገኝም። በኢቤይ ሻጩ ኦሃዮ፣ ገዢው ቴክሳስ ሆነ። ስለዚህ ሻጩ አጓጓዥም ሆነ፤ የመንገዱን ታሪፍም ራሱ ያወጣ ጀመር።

ገበያው ደግሞ ኮሚሽኑን ይቆርጥ የነበረው ዕቃው ከተሸጠበት ዋጋ ላይ ብቻ ነበር፤ መላኪያውን አይነካም። ሻጭ ይህን ሲያይ ምን ያደርጋል? ዋጋውን ከአንዱ ኪስ ወደ ሌላው ያዛውራል። አሥር ዶላር የሚያወጣውን ዕቃ በአንድ ዶላር ሸጦ ዘጠኙን «መላኪያ» ይለዋል፤ ኮሚሽኑም ከአንዷ ዶላር ላይ ይታሰባል። ቤት ሲሸጥ በውሉ ላይ ከእውነተኛው ዋጋ ያነሰ እንደሚጻፍ የሚያውቅ ያገሬ ሰው ይህን ዘዴ ለመረዳት አስተማሪ አያሻውም። ልዩነቱ፣ በቤቱ ሽያጭ ገዢና ሻጭ ተስማምተው ሦስተኛውን ወገን ሲያታልሉ፣ በዚህኛው ግን ገዢውም ከሚታለሉት ወገን መሆኑ ነው። ዕቃው ተበላሽቶ ቢመጣና ቢመልሰው እንኳ ብዙ ሻጮች አስቀድመው «የመላኪያ ክፍያ አይመለስም» ብለው ይጽፉ ነበር። የሚመለስለት እንግዲህ አንዷ ዶላር ናት።

ነገር ግን ገዢው እንዴት ይታለላል? ሁለት ቁጥሮች መደመር ምን ያቅታል? ታንጂም ሆሴንና ጆን ሞርጋን የተባሉ ሁለት የምጣኔ ሀብት ምሁራን በ2006 ያሳተሙት ጥናት ይህንኑ ጥያቄ አንሥቶ ነበር። ራሳቸው ሻጭ ሆነው በኢቤይ ላይ የሙዚቃ ሲዲዎችንና የኤክስቦክስ ጨዋታዎችን ለጨረታ አቀረቡ። አንዱን ዕቃ በ4 ዶላር መነሻ ዋጋ፣ ያለ መላኪያ ክፍያ፤ ያንኑ ዓይነት ዕቃ ደግሞ በ1 ሳንቲም መነሻ ዋጋና በ3 ዶላር ከ99 ሳንቲም መላኪያ። ለሚደምር ሰው ሁለቱ አንድ ናቸው። ሆኖም በአንድ ሳንቲም የተከፈተው ጨረታ ብዙ ተጫራች ሳበ፣ ቶሎም ሞቀ፤ በመጨረሻም መላኪያው ተደምሮ ከወዲያኛው የበለጠ ገንዘብ አስገኘ። ጠቅላላ መነሻው ወደ 8 ዶላር ከፍ ሲል ግን በሲዲዎቹ ላይ ልዩነቱ ጠፋ። መላኪያው ከዕቃው ዋጋ ጋር ሲተያይ እየገዘፈ ሲሄድ የገዢው ዓይን ይገለጣል ማለት ይመስለኛል። እስከዚያው ግን፣ ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል እንዲሉ፣ ተጫራቹ የሚያየው የሚቀያየረውን ቁጥር ነው፤ የማይቀያየረው ከሥሩ ተጽፎ ዝም ብሏል።

አንድ የአክስቴ ልጅ በአሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ይኖራል። በልጅነቱ ያነበባቸውን የአማርኛ መጻሕፍት ባገኘበት ሁሉ ይለቅማል። ከዓመታት በፊት በአንድ የጨረታ ገጽ ላይ አሮጌ የአማርኛ ልብ ወለድ ያያል። ሻጩ ፊደሉን የማያውቅ ሰው ስለነበረ የሽፋኑን ፎቶግራፍ ዘቅዝቆ ነበር የለጠፈው። ሌላ ተጫራች አልመጣምና መጽሐፉን በ99 ሳንቲም አሸነፈ። መላኪያው 14 ዶላር ነበር። ጥቅሉ ሲደርሰው ላዩ ላይ የታተመውን የፖስታ ክፍያ ቢያነብ ሦስት ዶላር አይሞላም። ደውሎ ሲነግረኝ ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር። «መጽሐፉን አሥራ አምስት ዶላር ቢለኝ እኮ ደስ ብሎኝ እገዛው ነበር» አለኝ። «ሃያም ቢለኝ እገዛው ነበር። ለምን ይዋሸኛል?»

ነገሩን የሚያከፋው ሌላም አለ። በ1938 ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት በአሜሪካ ለመጻሕፍት ልዩ የፖስታ ታሪፍ አውጀው ነበር፤ ርቀት ሳይለይ ለአንድ ፓውንድ ክብደት አንድ ሳንቲም ተኩል። ታሪፉ ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ ቢጨምርም ዛሬ «ሚዲያ ሜይል» በሚል ስም አለ። መጽሐፍ ከከተማ ርቆ ለሚኖረውም ሰው በርካሽ ይድረስ ተብሎ የታወጀ ቅናሽ ነው። በአክስቴ ልጅ ጊዜ ቅናሹ መንገድ ላይ ቀረ፤ ሻጩ ኪስ ውስጥ።

ይሁንና ሻጩንም መስማት ፍትሕ ነው። ካርቶን ይገዛል፣ ማጣበቂያ ይገዛል፣ ቤንዚን ያቃጥላል፣ ፖስታ ቤት ተሰልፎ ግማሽ ቀኑን ያጠፋል። «ቴምብሩ ላይ ያለውን ቁጥር ብቻ አትዩ» ቢል ከጎኑ የሚቆምለት ታላቅ ምስክር አለው። በ1837 ሮላንድ ሂል የተባለ እንግሊዛዊ ስለ ፖስታ መሻሻል የጻፈውን መጽሐፍ ሲያሳትም፣ በብሪታንያ የደብዳቤ ዋጋ የሚተመነው በርቀቱና በወረቀቱ ቁጥር ነበር፤ ከፋዩም አብዛኛውን ጊዜ ተቀባዩ ነበር። ከለንደን ኤዲንበርግ አንዲት ቅጠል ደብዳቤ ከአንድ ሽልንግ በላይ ታስከፍላለች። ሂል ሒሳቡን ቢሠራው ደብዳቤዋን እዚያ ድረስ ማጓጓዙ ራሱ የሚፈጀው የአንድ ፔኒን ሠላሳ ስድስተኛ ክፍል ብቻ ሆኖ ተገኘ። ገንዘቡን የሚበላው መንገዱ ሳይሆን እጅ ነው፤ መቀበሉ፣ መመዝገቡ፣ መተመኑ፣ በየደጁ እያንኳኩ ሒሳብ መሰብሰቡ። ስለዚህ ዋጋው ለሁሉም አንድ ፔኒ ይሁን፣ ላኪው አስቀድሞ ይክፈል አለ። በጥር 1840 ይኸው ሆነ፤ በዚያው ዓመት በግንቦት የመጀመሪያው ቴምብር ወጣ። ዋጋው ፖስታው ላይ ተለጠፈ፤ ላኪም ተቀባይም ፖስተኛም ያዩት ጀመር። የአክስቴ ልጅ ሻጩን የያዘው በዚሁ በሂል ወጥመድ ነው።

ታሪፍ ግልጽ ሆነ ማለት ግን የሚሸሸግበት ጓዳ አጣ ማለት አይደለም። የባንክ ሰው ነኝና የሚከተለውን ሳልነግራችሁ ማለፍ አልችልም። የአሜሪካ ፖስታ ቤት ጥቅል ማጓጓዝ የጀመረው ጥር 1 ቀን 1913 ነበር። በ1916 በዩታ ግዛት ቨርናል በምትባል ትንሽ ከተማ ባንክ ሊሠራ ተነሣ። ጡቡ የሚመጣው ከሶልት ሌክ ሲቲ ነው። የጭነት ማጓጓዣው ዋጋ አልቀመስ አለ፤ በፖስታ ጥቅል ከተላከ ግን በግማሽ ገደማ ይደርሳል። ምን ተደረገ? በሺዎች የሚቆጠር ጡብ ሃምሳ ሃምሳ ፓውንድ እየተመዘነ፣ እየታሸገ፣ እንደ ደብዳቤ በፖስታ ተላከ! ፖስታ ቤቱም በባቡር በኮሎራዶ በኩል አዙሮ፣ ከዚያ በጋሪ እየጎተተ አደረሰው። ከክፍያው በላይ የወጣውን ወጪ የሸፈነው በሌላ የአገሪቱ ጫፍ ቴምብር የሚገዛው ሕዝብ ነው። ከዚያ ወዲህ አንድ ላኪ ለአንድ ተቀባይ በቀን ከ200 ፓውንድ በላይ እንዳይልክ ደንብ ወጣ። ባንኩ ዛሬም ቆሞ አለ። ሥራውን ብልሃት የሚሉት አሉ። እኔ ግን በዚያ ሕንፃ ውስጥ ብቀጠር ግድግዳውን ባየሁ ቁጥር የሰው ገንዘብ ያየሁ የሚመስለኝ ይመስለኛል።

ወደ ጨረታው እንመለስ። ኢቤይ ቅሬታው ሲበዛበት መጀመሪያ ነገሩን ለገዢዎች አፍ ተወው፤ ከ2007 ጀምሮ ገዢ ለሻጩ ኮከብ ሲሰጥ የመላኪያው ክፍያ ተገቢ መሆን አለመሆኑንም ለብቻ እንዲመዝን ተደረገ። በ2008 መጻሕፍትን ጨምሮ በአንዳንድ ዘርፎች ለመላኪያ ጣሪያ ተበጀለት። በመጨረሻ፣ በ2011፣ ኮሚሽኑ ከዕቃው ዋጋና ከመላኪያው ድምር ላይ እንዲቆረጥ ሆነ። ጓዳዋ ተዘጋች፤ ዋጋን ከኪስ ወደ ኪስ ማዛወር ለኮሚሽን ሽሽት የማይረባ ሆነ። ከባድ የብረት ድስት የሚሸጥ፣ ለፖስታ ቤት 12 ዶላር ከፍሎ ገዢውንም 12 ዶላር ብቻ የሚያስከፍል ሐቀኛ ሻጭ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ የእርሱ ካልሆነ ገንዘብ ላይ ኮሚሽን ይከፍላል። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ የሚባለው ይህ ነው። ደንቡ ያስፈልግ ነበር ባይ ነኝ፤ ስለ ድስት ሻጩ ግን መልስ የለኝም።

ከዚያ ወዲህ ያየለው «መላኪያ በነፃ» የሚለው ቃል ነው። ነፃስ አይደለም፤ መንገዱ ዋጋው ውስጥ ገባ እንጂ። ይህን አያቶቻችን በአሞሌ ያውቁታል። ከአፋር የጨው ሜዳ የተቆረጠው አሞሌ በግመል፣ በአህያና በበቅሎ ወደ ደጋው ሲዘልቅ፣ ከምንጩ በራቀ ቁጥር ለአንድ ማርያ ቴሬዛ ብር የሚሰጠው አሞሌ እያነሰ ይሄድ ነበር። የመላኪያ ሒሳብ ለብቻው የጠየቀ ነጋዴ የለም። ርቀቱ፣ የጭነት ከብቱ ድካም፣ የየኬላው ቀረጥ ሁሉ ጨዋማው ገንዘብ ውስጥ ተመዝኖ ይገኝ ነበር። ለእኔ ይህ ከ99 ሳንቲሙ መጽሐፍ ይልቅ የጨዋ ንግድ ነው፤ ምንም እንኳ ሩቅ ያለው ሰው በውድ ቢገዛ።

የሩቁን ሰው ነገር የዓለም ፖስታ ኅብረትም ሲታገልበት ኖሯል። በ1874 በስዊዘርላንድ በርን ሲመሠረት የያዘው ሐሳብ ቀላል ነበር፤ ላኪው በአገሩ የከፈለው ቴምብር ደብዳቤውን እስከ ተቀባዩ ደጃፍ ያድርሰው፣ አገሮችም እርስ በርስ ሒሳብ አይተሳሰቡ። የላኩት ያህል ይቀበላሉና ይቻቻላል ተባለ። ደብዳቤው ባልተመጣጠነ ጊዜ ግን፣ በ1969፣ ተቀባዩ አገር ለማደያው የሚከፈለው ሒሳብ ተጀመረ፤ ኋላም ለታዳጊ አገሮች ዝቅ ተደረገላቸው። ቻይና ከነዚያ ወገን ተመድባ ቆይታ የኢንተርኔት ገበያ ሲመጣ፣ ከቻይና ወደ አሜሪካ የሚላክ ትንሽ ጥቅል፣ በአሜሪካ ውስጥ ከከተማ ወደ ከተማ ከሚላከው ረክሶ ተገኘ። የኦሃዮው ሻጭ ከሌላ ክፍለ ዓለም በመጣ «መላኪያ በነፃ» ተሸነፈ። በመስከረም 2018 የኅብረቱ አስቸኳይ ጉባኤ በአዲስ አበባ ተካሄደ፤ በተከታዩ ወር አሜሪካ ከኅብረቱ ለመውጣት ማሰቧን አስታወቀች። በመስከረም 2019 በጄኔቭ ስምምነት ተደርሶ አልወጣችም፤ ከሐምሌ 2020 ጀምሮ ግን የማደያውን ዋጋ ራሷ መወሰን ጀመረች።

እኛ ይህን ኅብረት የተቀላቀልነው በ1908 ነው። ዐፄ ምኒልክ ፖስታ ቤትን ያቋቋሙት ግን በ1886 ዓ.ም. (1894) ነበርና፣ በመካከሉ ባሉት ዓመታት የኢትዮጵያ ቴምብር ከጅቡቲ ወዲያ ዋጋ አልነበረውም። ከሐረር ወይም ከአዲስ አበባ ወደ አውሮፓ የሚጽፍ ሰው የንጉሠ ነገሥቱን ቴምብር ይለጥፋል፣ ለቀሪው መንገድ ደግሞ የፈረንሳይ ሶማሌ ጠረፍ ቴምብር ይጨመርበታል፤ ለአንድ መንገድ ሁለት ክፍያ። ሁለቱ ቴምብሮች ጎን ለጎን ያሉባቸው እነዚያ አሮጌ ፖስታዎች ዛሬ ሰብሳቢዎች በጨረታ የሚሻሙባቸው ሆነዋል። ማሸጊያና መላኪያ ለብቻው ይታሰባል።