በድንኳን ውስጥ የሚነገረው፦ ማጉረምረምና አቤቱታ በታሪካችን

በ2015 ዓ.ም. ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታና ሌሎች የአዲስ አበባ ዙሪያ ከተሞች በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ሲጠቃለሉ፣ በርካታ መኖሪያ ቤቶች ሕገ ወጥ ናቸው ተብለው ፈረሱ። በእነዚህ ከተሞች የምታገለግሉ መጋቢዎች ሆይ፣ ቤቱ ለፈረሰበት ምእመን ምን ትሰብካላችሁ? ያለ ማጉረምረም እንድንኖር ሐዋርያው ጳውሎስ አዞናል (ፊልጵ. 2፥14)። ትእዛዙን ሳናብራራ ብንናገር ግን የተጎዳውን ሰው አፍ መዝጊያ እናደርገዋለን። ስለዚህ ማጉረምረም ምን እንደ ሆነና እምነትን እንዴት እንደሚሸረሽር ከቅዱሳት መጻሕፍትና ከቅርብ ታሪካችን እንመልከት።

ሙሴ የቃዴስን ውድቀት ለአዲሱ ትውልድ ሲተርክ አንድ ነገር ያነሣል፤ ሕዝቡ ያጉረመረመው በየድንኳኑ ውስጥ ነበር፤ የደረሰበትም መደምደሚያ እግዚአብሔር ጠልቶናል የሚል ነበር (ዘዳ. 1፥27)። የማጉረምረም ሥሩ እዚህ ላይ ይታያል። ስለ ረሃብ፣ ስለ ጥማት ወይም ስለ ጠላት ብርታት መናገር በራሱ ኃጢአት አልነበረም። ኃጢአቱ ከችግሩ ተነሥቶ በእግዚአብሔር ባሕርይ ላይ መፍረዱ፣ ያንንም እርሱ በሌለበት ይመስል ለጎረቤት ማንሾካሾኩ ነው። እንዲህ ያለ ልብ ትናንትን ያጣምማል፤ የግብፅ ባርነት ተረስቶ ዓሣውና ዱባው ብቻ ይታወሳል (ዘኁ. 11፥5)። ነገንም ይዘጋል፤ ጠላኝ ብሎ ያመነበትን አምላክ ማን ተስፋ ያደርጋል?

በዚያው በዘኁልቁ ምዕራፍ 11 ግን ሙሴም ምርር ብሎ ተናግሯል፤ ሸክሙ ከብዶት ሞቱን እስከ መለመን ደርሷል። እግዚአብሔር አልቀሠፈውም፤ ሸክሙን የሚጋሩ 70 ሽማግሌዎችን ሰጠው። ሙሴ ምሬቱን ይዞ ወደ እግዚአብሔር ቀርቦ ነበርና። በምዕራፍ 27 ደግሞ የሰለጰዓድ 5 ሴቶች ልጆች የርስት ጥያቄያቸውን በሙሴና በአለቆቹ ፊት አቆሙ፤ እግዚአብሔርም ጥያቄያቸው ትክክል መሆኑን መሰከረ። በቋንቋችንም «አቤቱታ» የሚለው ቃል ጸሎታችንን ከምንጀምርበት «አቤቱ» ጋር ዘመድ ነው። አቤቱታ ሰሚ አለ ብሎ ያምናል፤ ማጉረምረም ሰሚ የለም ብሎ ደምድሟል።

ይህንን ልዩነት የአገራችን ወንጌላውያን አማኞች በሕይወታቸው አይተውታል። የሙሉ ወንጌል አማኞች ቤተ ክርስቲያን በ1959 ዓ.ም. ሕጋዊ ምዝገባ ጠይቃ ተከለከለች። አማኞቹ በየቤቱ መሰብሰባቸውን ቀጠሉ፤ በ1964 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ወደ 250 የሚሆኑት በአምልኮ ላይ ሳሉ ተይዘው ታሰሩ። በዚያው ዓመት የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን፣ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ዋና ጸሐፊዋ ሳሉ፣ ለውጭ አጋሮቿ ደብዳቤ ጻፈች። ለልማት በልግስና ሰጥተው ለወንጌል ስብከት እጃቸውን የሚሰበስቡበት አሠራር ሰውን ለሁለት እንደሚከፍል በግልጽ ነገረቻቸው። ይህ ብርቱ ወቀሳ ነበር፤ ነገር ግን ለሚመለከተው አካል፣ በስም፣ መፍትሔ ፈልጎ የቀረበ ወቀሳ ነው። ቄስ ጉዲና በደርግ ዘመንም ደጋግመው ታሰሩ፤ ከአገር የመውጣት ዕድል ቢያገኙም መንጋቸውን ትተው አልሄዱም። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ታፍነው ተወሰዱና ተገደሉ።

በጥር 1974 ዓ.ም. ደርግ የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንን ዘጋ፤ ንብረቷን ወረሰ፤ መሪዎቿንም ለዓመታት አሰረ። አማኞቹ በትንንሽ ቡድኖች ሆነው በየቤታቸው ተደብቀው ይገናኙ ጀመር። እነዚህን ቤቶች የእነርሱ ድንኳኖች ልንላቸው እንችላለን። ለመራራ ወሬ የሚሆን በቂ ምክንያት በእያንዳንዱ ቤት ነበር። ቤቶቹ ግን የጸሎት፣ የቃልና የደቀ መዝሙርነት ስፍራ ሆኑ። ሲዘጋ ወደ 5,000 የነበረው የአባላት ቁጥር ደርግ በወደቀበት በ1983 ዓ.ም. ወደ 34,000 ደርሶ ነበር። ይህንን ባለማጉረምረም እንደ ተገኘ ዋጋ አንቁጠረው፤ ቄስ ጉዲና በዚህ ምድር ያገኙት ሞትን ነውና። ታሪኩ የሚያሳየን በደልን በደል እያሉ የእግዚአብሔርን ቸርነት አለመካድ እንደሚቻል ነው።

እንግዲህ ወደ ሰበታ፣ ወደ ቡራዩና ወደ ሱሉልታ እንመለስ። ቤቱ የፈረሰበትን ወንድም «አታጉረምርም» ብላችሁ ከመገሠጻችሁ በፊት፣ ወደ ማን አቤት እንደሚል አሳዩት። በሰንበት አምልኮ መዝሙር 13ንና መዝሙር 88ን ከጉባኤው ጋር ጸልዩ፤ ምስጋና ብቻ የሚፈቀድበት ጉባኤ ሐዘኑን ወደ ጓዳ ይገፋዋል፤ በጓዳም ማጉረምረም ይሆናል። ማመልከቻ የሚጽፍለት ሰው ፈልጉለት፤ ወደ ቢሮም አብራችሁት ሂዱ። ይህንን ካደረጋችሁ በኋላ፣ እግዚአብሔር ጠልቶኛል ማለት ሲጀምር ያን ጊዜ በፍቅርና ያለ ፍርሃት ተቃወሙት፤ ከቤቱ ቀጥሎ እምነቱ እየፈረሰ ነውና። መስቀሉንም አሳዩት። በዚያ ጌታችን ለምን እንደ ተተወ ወደ አምላኩ ጮኸ፤ ሲጮኽም «አምላኬ» ማለቱን አልተወም።