የፍላጻ ዘንግ መምረጥና ማቅናት

የፍላጻ ዘንግ መምረጥና ማቅናት ለባህላዊ ደጋን የሚሆን የእንጨት ፍላጻ የማዘጋጀት ሙያ ነው። ፍላጻ በግዕዙ ሐጽ ይባላል። በዕለት ንግግር «ቀስት» የሚለው ቃል አንዳንዴ መወርወሪያውን፣ አንዳንዴም ተወርዋሪውን ስለሚጠራ በዚህ መጣጥፍ መወርወሪያው ደጋን፣ ተወርዋሪው ፍላጻ፣ የፍላጻው እንጨት ደግሞ ዘንግ ተብሏል። ብዙ ሰው የደጋኑን ጥንካሬ ያደንቃል፤ ዒላማ የሚመታው ግን ዘንጉ ነው። ጠማማ ዘንግ በጎበዝ ተኳሽ እጅም ቢሆን መንገዱን ይስታል።

ሙያው ለኢትዮጵያ ምድር እንግዳ አይደለም። በአማራ ክልል በመተማ አካባቢ፣ ሽንፋ ወንዝ ዳር በተቆፈረ ጥንታዊ የሰፈር ቦታ ትናንሽ ባለ ሦስት ማዕዘን የድንጋይ ጫፎች ተገኝተዋል። ዕድሜያቸው 74,000 ዓመት ገደማ ነው፤ በሱማትራ የቶባ እሳተ ገሞራ የፈነዳበት ዘመን መሆኑ ነው። የቁፋሮው ውጤት በ2024 እ.ኤ.አ. ሲታተም ተመራማሪዎቹ የጫፎቹን ማነስና የደረሰባቸውን ስብራት አይተው ከፍላጻ አገልግሎት ጋር አያይዘዋቸዋል። ድንጋዩ ተረፈ፤ እንጨቱ በስብሶ ጠፋ። ያንን ትንሽ ጫፍ የተሸከመውን ዘንግ መርጦ ያቀናው ሰው ግን ዛሬ የእንጨት ፍላጻ የሚሠራ ሁሉ የሚገጥመው ችግር ገጥሞት እንደነበር አያጠራጥርም።

ወደ እኛ ዘመን ጠጋ ስንል፣ በ16ኛው ክፍለ ዘመን በወጅ ግዛት የነበሩት ማያ የተባሉ ሕዝቦች በመርዘኛ ፍላጻቸው የታወቁ ነበሩ። በምሥራቅ አፍሪካ ለፍላጻ መርዝ የሚቀመመው በዋነኛነት ከመረንዝ ዛፍ ሲሆን፣ በውስጡ ያለው ኡዋባይን የተባለ ንጥረ ነገር ልብን ያቆማል። በመተከልና በአካባቢው የሚኖሩት ጉሙዞችም በደጋን አደናቸው ይታወቃሉ።

ዘንግ ሲመረጥ ዓይን የሚሻው የእንጨቱን ቃጫ ነው። ቃጫው ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳይቋረጥ አብሮ መሄድ አለበት። ላዩ በመላጊያ ቀጥ ቢልም ቃጫው በጎን ሾልኮ የሚወጣ ዘንግ አደገኛ ነው፤ ሲለቀቅ ተሰንጥቆ የተኳሹን እጅ ይወጋል። ጉጥ ያለበትም ይጣላል። ለዱላ የሚወደደው ወይራ ለፍላጻ ይከብዳል። ሽመል፣ ማለትም ውስጡ ድፍን ወይም ወደ ድፍን የሚጠጋው የቆላ ቀርከሃ፣ ቀላልና ጠንካራ ነው፤ በእሳትም በደንብ ይቃናል።

አዲስ አበባ ውስጥ፣ ለምሳሌ ልደታ፣ እንጨት ፍለጋ ለወጣ ሰው ቀድሞ የሚገጥመው የባሕር ዛፍ አጣና ነው። ባሕር ዛፍ ግን ሲደርቅ ይጣመማል፤ ቃጫውም ብዙ ጊዜ ይጠመዘዛል። የተሻለው ጥድ ነው። ጥድ በቃጫው ልክ ቀጥ ብሎ ይሰነጠቃል። ከተፈጥሮ ደን መቁረጡ የተከለከለ ስለሆነ ግን ምንጩ ሌላ መሆን አለበት። የልደታ ነባር የጭቃ ቤቶች ለመልሶ ማልማት ሲፈርሱ እንደታየው፣ ምስጥ ስለማይደፍረው የጥድ ቋሚ ከአሮጌ ቤት ይወጣል። እንዲህ ያለው እንጨት ለዓመታት ጣራ ሥር ደርቋል፤ የሚጣመመውን ያህል ተጣሞ ጨርሷል። በእኔ ግምት ለከተማ ፍላጻ ሠሪ ከዚህ የተሻለ ዘንግ የለም።

እንዲህ ያለ እንጨት ከመሰንጠቅ ሌላ ያለው መንገድ ቀጥ ያለ ቀንበጥ መቁረጥ ነው። በ1991 እ.ኤ.አ. በአልፕስ ተራሮች በረዶ ውስጥ ከተገኘው የ5,300 ዓመት ሟች ኦትዚ አጠገብ የነበረው የፍላጻ ኮሮጆ 14 ዘንጎች ይዞ ነበር። ያለቀላቸው ሁለቱ ብቻ ነበሩ፤ አብዛኞቹም ከቁጥቋጦ ቀንበጥ የተቆረጡ ናቸው። ቀንበጥ ተቆርጦ፣ ልጡ ተልጦ፣ ከሌሎች ጋር ጠበቅ ተደርጎ ታስሮ በጥላ ሥር ይደርቃል። ፀሐይ ላይ የተሰጣ ይሰነጠቃል።

ከቀጥታነት ቀጥሎ የሚታየው ግትርነት ነው። አውታሩ ሲለቀቅ ዘንጉ ይጎብጣል፤ በደጋኑ ጎን ተጠማዞ ያልፍና ከዚያ በኋላ ይቃናል። በጣም የሚለመጥ ወይም በጣም ግትር የሆነ ወደ ጎን ይስታል። መለኪያው ቀላል ነው፦ ዘንጉን 66 ሴንቲ ሜትር በተራራቁ ሁለት ድጋፎች ላይ አጋድሞ መሐሉ ላይ 900 ግራም ገደማ ማንጠልጠል። ለመሳብ 23 ኪሎ ግራም የሚጠይቅ ደጋን 1.3 ሴንቲ ሜትር ያህል የሚረግብ ዘንግ ይስማማዋል። ውፍረት እዚህ ላይ ያለው ኃይል ያስደንቃል፤ ከ8 ወደ 9 ሚሊ ሜትር የወፈረ ዘንግ ግትርነቱ በ60 በመቶ ይጨምራል። ስለዚህ ፍላጻዎች በግምት ሳይሆን በመለኪያ ተመሳስለው ይሰበሰባሉ።

ማቅናት የሚጀምረው በማየት ነው። ዘንጉን በአንድ ዓይን እንደ ጠመንጃ አፈሙዝ አልሞ ቀስ እያሉ ማሽከርከር፣ ወይም በለስላሳ ጠረጴዛ ላይ ማንከባለል ይቻላል። ጎባጣው ይዘላል። ጥጥ ፈታይዋ ጠማማ እንዝርት እጇ ውስጥ እንደሚዘል በጣቷ እንደምታውቀው ሁሉ ፍላጻ ሠሪም በጣቱ ይለየዋል። ጉብታው በከሰል ምልክት ይደረግበታል። ከዚያ ነበልባል በሌለው ፍም ላይ፣ ከአንድ ስንዝር ባላነሰ ርቀት፣ ዘንጉ ያለማቋረጥ እየተሽከረከረ ይሞቃል። ሙቀቱ ቃጫዎቹን አጣብቆ የያዘውን ሙጫ መሰል ነገር ያለሰልሰዋል። ጠቆር ካለ ተቃጥሏል፤ የተቃጠለም ይሰበራል። እጅ ለመያዝ ሲያቅማማ ከፍሙ ይነሳል፤ የጎበጠው ወገን በአውራ ጣት ተረግጦ ከቀጥታው ትንሽ አልፎ ወደ ተቃራኒው ይለመጣል፤ እስኪበርድም እንደተያዘ ይቆያል። ቶሎ የለቀቀ ሰው ሥራውን ከመጀመሪያው ይደግማል። ትልቁ ጉብታ ይቀድማል፤ ትንንሾቹ ይከተላሉ። የምርጫን ጉድለት ግን እሳት አያድነውም፤ ቃጫው የተቆረጠ ዘንግ ቢቃናም ያው ደካማ ነው።

የቀና ዘንግ እርጥበት ካገኘ ወደ ቀድሞ ጉብታው ይመለሳል፤ በክረምት ይህ የተለመደ ነው። ስለዚህ በሰም ወይም በዘይት ይታሻል፤ ግድግዳ ላይ አስደግፎ ሳይሆን አጋድሞ ወይም አንጠልጥሎ ይቀመጣል። ከመተኮስ በፊትም እያንዳንዱ ፍላጻ በሁለት እጅ ተይዞ በቀስታ ይለመጣል፤ ጆሮም ይሰጠዋል። ሲጥ ያለው ተሰብሮ ምድጃ ውስጥ ይገባል።