የሰው እጅ ማየት

“ጌታ ሆይ፣ የሰው እጅ ከማየት ጠብቀኝ” ብሎ ያልጸለየ ከመካከላችን ጥቂት ነው። እኔም ሥራ ባጣሁበት ዓመት የቤት ኅብረታችን ሰዎች ጤፍ ይዘው ሲመጡ በር አልከፈትኩም። አያቶቻችን ማንንም ሳይጠይቁ ከገዛ በረታቸው ይኖሩ ነበር እየተባልኩ ነው ያደግሁት።

ነበር እንዴ?

ሻኪሶን ውሰዱ። ዛሬ ስሟ ሲነሳ የለገ ደምቢ ወርቅና የጉጂ ቡና ይታወሰናል። ለጉጂ ግን ሀብት ማለት ከጥንት ጀምሮ ከብት ነው። (ወርቅ አይታለብም።) ታዲያ ከብት ያለው ሰው ራሱን የቻለ ነበር? ከጉጂ ወደ ጎረቤቱ የቦረና ቆላ ስንወርድ መልሱ ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ይገኛል። በቱላ ጉድጓዶች ወንዶች ከታች እስከ ላይ ተደርድረው፣ እየዘፈኑ፣ ውሃውን በእቃ እየተቀባበሉ ያወጣሉ። መቶ ከብት ያለው ሰው ብቻውን ቢቆም አንዲት ጥጃ አያጠጣም።

ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ባለው ክፉ ቀን ደግሞ በምጽዋ በኩል የገባው የከብት በሽታ አገሩን አዳርሶ እስከ ደቡብ ዘለቀ። የሀብታሙም የድሃውም በረት ባዶ ቀረ። እንዲህ ያለ ጥፋት የለመደ አርብቶ አደር ከብቱን ሁሉ በአንድ በረት አያስቀምጥም። በቦረናም በጉጂም ደባሬ የሚባል ልማድ አለ፤ ባለቤቱ የምትታለብ ላም ለሌላው ያውሳል፣ ወተቱ የተዋሰው ነው፣ የምትወልደው ጥጃ ግን የባለቤቱ። ከብቱን የጨረሰበት ሰው ደግሞ ወደ ጎሳው ይቀርባል፤ ጎሳው መክሮ ከብት ያዋጣለታል። ይህን ቡሳ ጎኖፋ ይሉታል።

መላእክት ነበሩ ለማለት አይደለም። ያዋሰው ሰውም ይጠቀማል፤ በሽታ ወይም ዘራፊ አንዱን በረት ቢመታ በሌላው ሰው በረት ያለችው ላሙ ትተርፍለታለች። ሰጪው ራሱ የተቀባዩን በረት ይፈልጋል ማለት ነው። እኔን የነካኝ ይህ ነው።

ጳውሎስ በፊልጵስዩስ 4፥11 ያለኝ ይበቃኛል ማለትን እንደ ተማረ ሲጽፍ የተጠቀመበት የግሪክ ቃል “አውታርኬስ” ነው። ቃሉ የስቶይክ ፈላስፎች ነበር፤ ማንንም የማይፈልግ፣ ራሱን የቻለ ሰው ማለታቸው ነው። ጳውሎስ ግን በዚያው ምዕራፍ፣ ጥቂት ቁጥሮች ዝቅ ብሎ፣ በአፍሮዲጡ እጅ ስለ ተላከለት ስጦታ ያመሰግናል። እስረኛ ነበር። በዚያን ዘመን ደግሞ እስረኛ በአብዛኛው ስንቅ የሚያቀብለው ሰው ያስፈልገው ነበር። ሁለቱን ነገር በአንድ ደብዳቤ ሲጽፍ አላፈረም።

እኔ በሩን የዘጋሁ ቀን፣ ሲመሽ ስወጣ ጤፉ ደጃፉ ላይ ነበር። ማዳበሪያው ላይ ማን እንዳመጣው የሚገልጽ ስም አልተጻፈበትም።