ሉመን እና ድምቀት

«ሉመን» የላቲን ቃል ነው፤ ትርጉሙም ብርሃን። ዛሬ የብርሃን መጠን መለኪያ ነው። የፕሮጀክተር ካርቶን ላይ «2000 ሉመን» ተብሎ ሲጻፍ፣ ከሌንሱ የሚወጣው ጠቅላላ ብርሃን ማለት ነው እንጂ ስክሪኑ ላይ የምናየው ድምቀት ማለት አይደለም።

የእኛ «ድምቀት» ሌላ ነገር ይነግረናል። ቀለሙ ደመቀ፣ ሠርጉ ደመቀ ስንል የምናወራው ዓይናችን ስለተቀበለው ነው። አንድ ጣሳ ሊጥ ሰፊ ምጣድ ላይ ሲዘረጋ እንጀራው እንደሚሳሳ ሁሉ፣ ያው ብርሃንም በሰፊ ስክሪን ላይ ይሳሳል።

በ16 ለ9 ቅርጽ፣ ከጥግ እስከ ጥግ 100 ኢንች የሆነ ስክሪን ስፋቱ 2.75 ካሬ ሜትር ገደማ ነው፤ የ150 ኢንቹ ግን 6.2 ይደርሳል። እነዚያ 2000 ሉመኖች በመጀመሪያው ላይ በካሬ ሜትር ወደ 730፣ በሁለተኛው ላይ ወደ 320 ብቻ ይሆናሉ። ይህ በካሬ ሜትር የሚደርስ ሉመን «ሉክስ» ይባላል። የስክሪኑ ከጥግ እስከ ጥግ ርዝመት እጥፍ ሲሆን ብርሃኑ ወደ ሩብ ይወርዳል።

የቤት ሲኒማ የምታሰናዱ ሁሉ፣ ከመግዛታችሁ በፊት ስክሪኑን ለኩ፤ ሉመኑንም ለስፋቱ አካፍሉ። ከቁጥሩ ጎን «አንሲ» ወይም «አይሶ» የሚል የመለኪያ ደረጃ ስም መኖሩን አረጋግጡ። ለፊልም የተስተካከለው የቀለም ምርጫ አብዛኛውን ጊዜ ብርሃኑን እንደሚቀንስም አስቡ። መስኮቱንም በወፍራም መጋረጃ ጋርዱ፤ ድምቀት ያለ ጨለማ አይታይም።