ስለ እቴጌ ተዋበችና ስለ ታሪክ ሚዛን

ፍቅርና ሽፍትነት በአንድ ቤት ቢያድሩ ፍጻሜያቸው ጥፋት ነው የሚለው ነገር በብዙ አገር ይነገራል። ፈረንሳዊው ዡልየን ዱቪቪዬ በ1929 ዓ.ም. «ፔፔ ለ ሞኮ» ብሎ ባወጣው ሲኒማ ያሳየው ይህንኑ ነው። ፔፔ የተባለው ወንበዴ በአልጀርስ ከተማ፥ ካዝባ በምትባል መንገዷ ጠባብ በሆነ ሰፈር ተሸሽጎ ሲኖር ፖሊስ ሊይዘው አልቻለም ነበር፤ የወደዳትን ሴት ሊከተል ከመሸሸጊያው በወጣ ጊዜ ግን ተያዘ፤ መርከቧ ስትርቅም በወደቡ በር ራሱን ገደለ።

የአገራችንን ታሪክ የተመለከተ ሰው ግን ሌላ ምሳሌ ያገኛል። የቋራው ካሳ ኃይሉ ሸፍቶ ሳለ፥ እቴጌ መነን በጋብቻ ሊያስሩት አስበው የልጃቸውን የራስ ዓሊን ልጅ ወይዘሮ ተዋበችን ዳሩለት። ሙሽራዪቱ የባላቸው ማሰሪያ ይሆኑ ዘንድ ቢታሰቡም፥ ከአባታቸው ወገን ይልቅ ለባላቸው ታመኑ። ካሳ ዳግመኛ ሸፍቶ በ1839 ዓ.ም. እቴጌ መነንን እስከ መማረክ በደረሰ ጊዜም አልከዱትም። በሰኔ ወር 1845 ዓ.ም. በዚሁ በጎጃም ምድር በአይሻል ጦርነት ሲሆን፥ ድል ያደረገው ባላቸው፥ ድል የሆኑትም አባታቸው ነበሩ። በ1847 ዓ.ም. ካሳ በደረስጌ ማርያም ዐፄ ቴዎድሮስ ተብሎ ሲነግሥ ወይዘሮ ተዋበች እቴጌ ሆኑ።

እቴጌይቱ በ1850 ዓ.ም. ዐረፉ። ከዚህም የተነሣ ብዙ ሰው የንጉሡን ቍጣ የሚገታ ስለ ጠፋ መንግሥቱ ፈረሰ ይላል። ንጉሡ መካሪ ማጣታቸው እውነት ነው፤ ወዳጆቻቸው እንግሊዛውያን ፕላውደንና ቤልም ብዙ ሳይቈዩ ተገድለዋል። ነገር ግን ስለ ቤተ ክርስቲያን ርስት ከካህናት ጋር የተነሣው ጠብ የጀመረው እቴጌይቱ በሕይወት ሳሉ ነው፤ የሸዋው ዘመቻም በ1848 ዓ.ም. ተደረገ። ስለዚህ የመንግሥቱ መፍረስ ሥሩ ከሞታቸው በፊት ተተክሎ ነበር።

እኛ ታሪክ የምንጽፍና የምናስተምር ሰዎች እቴጌ ተዋበችን ስለ ታማኝነታቸው ልናመሰግናቸው ይገባናል። የአንድን መንግሥት ጥፋት ሁሉ በአንዲት ሴት መቃብር ላይ መጫን ግን ለሕያዋን ሰዎች ጥፋት ማምለጫ መስጠት ነው። ወንበዴው ፔፔ በሴት ፍቅር ጠፋ ቢባል ሲኒማ ነውና ያምራል፤ የንጉሥ ሥራ ግን በራሱ በንጉሡ ሚዛን ይመዘናል።