አራት መብራቶች፣ አራት ቀናት

የመጀመሪያው የትራፊክ መብራት እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1868 ለንደን ውስጥ፣ ከእንግሊዝ ፓርላማ አጠገብ ተተከለ። በጋዝ የሚነድ ነበርና በእጁ የሚያዞረው ፖሊስ ከሥሩ ይቆም ነበር። ብዙም ሳይቆይ ጋዙ ፈንድቶ ፖሊሱን አቆሰለው። መብራቱ፣ አዛዡና ጉዳቱ በአንድ ስፍራ ነበሩ፤ የደረሰውን ጥፋት ያየ ሁሉ ሊለካው ይችል ነበር።

ኋላ ግን እጅና መብራት ተለያዩ። ሎስ አንጀለስ የ1984ቱን ኦሊምፒክ ስታስተናግድ መብራቶቿን ከአንድ ማዕከል በኮምፒውተር ማዘዝ ጀመረች። በኦገስት 2006 የከተማይቱ መሐንዲሶች በሥራ ክርክር ምክንያት ሥራ ሊያቆሙ ሲሉ፣ አስተዳደሩ ፈርቶ አብዛኞቹ ወደ ኮምፒውተሩ እንዳይገቡ አገደ። ቤቱን የሚያውቅ ሰው ግን መግቢያው አይጠፋውም። ሁለት መሐንዲሶች ገብተው የ4 መስቀለኛ መንገዶችን መብራቶች ከማዕከሉ ትእዛዝ ቆረጧቸው፤ አንዱ ከአውሮፕላን ማረፊያው ደጃፍ ነበር። ሁሉን ወደ ቦታው ለመመለስ 4 ቀናት ፈጀ። ሁለቱም በ2008 ጥፋታቸውን አመኑ።

በዚያ ሁሉ መጨናነቅ በግጭት የተጎዳ ሰው አልተመዘገበም። እንግዲህ ጉዳቱ በምን ይለካል?

በሰው ዕድሜ ይለካል። 1,000 መኪኖች እያንዳንዳቸው 6 ደቂቃ ያለልማዳቸው ቢቆሙ፣ የጠፋው 100 ሰዓት ነው። ይህ ግን የሒሳቡ መጀመሪያ ብቻ ነው። ሰልፉ ሲረዝም ከኋላው ያለውን መስቀለኛ መንገድ ይዘጋል፤ በዚያም አረንጓዴ የበራለት ሾፌር መሄጃ ያጣል። ያልተነካው መብራት ከተነካው ጋር ይታመማል። ገሮሊሚኒስና ዳጋንዞ በ2008 በጃፓኗ ዮኮሃማ መረጃ እንዳሳዩት፣ በመንገዶች ላይ ያሉት መኪኖች ሲበዙ የከተማው ፍሰት እስከ አንድ ልክ ያድጋል፤ ልኩ ሲታለፍ ግን ቁልቁል ይወርዳል። ስለዚህ የ4 መብራት ጥፋት የአንዱ መብራት ጥፋት በ4 ተባዝቶ አይገኝም። መላው ከተማ ከወትሮው ቀን ጋር ተነጻጽሮ፣ እስኪያገግም የፈጀው ጊዜም ተቆጥሮ ይሰላል እንጂ።

በ2014 የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፣ በመንገድ ባለሥልጣኑ ፈቃድ፣ ወደ 100 የሚጠጉ መብራቶች የተያያዙበትን የሬዲዮ መረብ ፈተሹ። መልእክቱ በምስጢር አልተቆለፈም፤ የይለፍ ቃሉም ከፋብሪካው እንደወጣ ነበር። መብራቶቹን እንዳሻቸው ማዘዝ ቻሉ። አንድ ነገር ግን እንቢ አላቸው፤ በየሳጥኑ የተቀመጠ መሣሪያ የሚጋጩ ሁለት አረንጓዴዎች አብረው እንዲበሩ አይፈቅድም፤ ቀዩን ብልጭ ድርግም ያደርገዋል።

የጥንቶቹ መሐንዲሶች ለደማችን ዘብ አቁመዋል፤ ለጊዜያችን ግን ማንም አላቆመም። የጊዜ ሌባ ደግሞ ደም አያፈስምና፣ ካልለካነው መሰረቃችንን እንኳ አናውቅም።